እምቢታና ዝምታ፦ ሁለተኛውን ምስክር ስለሚጠሩ ላይብረሪዎች የተደረገ ዳሰሳ

ነገር በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንዳይጸና የሚሻው የዳኝነት ልማድ ከጥንት ጀምሮ በብዙ ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ሲሆን፥ የኮምፒውተር ዓለም ግን ይህን ልማድ የተቀበለው ዘግይቶ፥ ያውም ብዙ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ዛሬ ከባንክ ሒሳቡ፥ ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ወይም ከኢሜይሉ ደጃፍ የደረሰ ሰው የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ሲያበቃ፥ ሁለተኛ ምስክር፥ ማለት በእጁ ያለውን ስልክ ወይም ከቁልፎቹ ጋር ያንጠለጠላትን ትንሽ መሣሪያ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ይህን ሁለተኛ ምስክር የሚመረምረው ግን ብዙውን ጊዜ በሩን ያሠራው መሥሪያ ቤት ራሱ አይደለም፤ ምርመራው በኢንተርኔት ለሚገኝ ለሌላ ድርጅት ተሰጥቷል፤ በመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራምና በዚያ ድርጅት ሰርቨር መካከል እየተመላለሰ ጥያቄውን የሚያደርስ፥ መልሱንም የሚያመጣ፥ ፕሮግራመሮች ላይብረሪ የሚሉት፥ አንዳንዴ ከጥቂት መቶ መስመር የማይበልጥ ኮድ አለ። ስለ ይለፍ ቃል ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ምሥጢራዊው ስሌትም የሊቃውንቱ መጻሕፍት መደርደሪያ ሞልተዋል፤ ስለዚህ መካከለኛ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የዚህ ዳሰሳ ሐሳብ መካከለኛው እንዴት እንደተሠራ፥ የት የት እንደሚሰናከል፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተላከበት ዘንድ መልስ ሳያገኝ ሲቀር ለላከው ምን ብሎ እንደሚመለስ መመርመር ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በ1961 ብዙ ሰዎች አንዱን ኮምፒውተር እየተከፋፈሉ የሚሠሩበትን፥ ሲ ቲ ኤስ ኤስ የተባለውን ሥርዓት ሲያቆሙ፥ ለየተጠቃሚው የይለፍ ቃል መደቡለት። ብዙም ሳይቆይ፥ በ1962፥ በሳምንት የተፈቀደለት ሰዓት ያልበቃው አለን ሼር የተባለ ተመራማሪ የይለፍ ቃሎቹ የተጻፉበትን ፋይል ማሽኑ እንዲያትምለት አዝዞ የሁሉንም ምሥጢር በወረቀት ተቀበለ፤ በ1966 ደግሞ ሁለት ጊዜያዊ ፋይሎች በስሕተት ተለዋውጠው፥ የዕለቱ ማስታወቂያ ሊታይበት በተገባው ቦታ የይለፍ ቃሎቹ ዝርዝር ለገባ ሰው ሁሉ ይታተምለት ጀመር። እንግዲህ የአንዱ ምስክር ድካም ገና ከልደቱ የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛውን ምስክር በመሣሪያ መልክ ለገበያ ካቀረቡት ቀደምቶች አንዱ በ1984 የተመሠረተው ሴኩሪቲ ዳይናሚክስ ነው፤ ሴክዩርአይዲ የተባለችው መሣሪያው በየ60 ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ቁጥር እያሳየች የባለቤቷን ማንነት ትመሰክር ነበር። ድርጅቱ በኋላ አር ኤስ ኤ የሚለውን ስም ይዞ ሲኖር፥ በማርች 2011 ሰርጎ ገቦች ከእነዚህ መሣሪያዎች ጋር የተያያዘ ምሥጢር ከውስጡ መውሰዳቸውን ራሱ አስታወቀ። በዚህ መካከል ለማንም የተገለጠ ሥርዓት ተደንግጎ ነበር፤ በዲሴምበር 2005 በቆጣሪ የሚሠራው፥ በሜይ 2011 ደግሞ በሰዓት የሚሠራው ደንብ ወጣ። በሰዓት የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ሰርቨሩና ስልኩ አንድ ምሥጢር ይጋራሉ፤ ከ1970 መባቻ ጀምሮ የተቆጠረው ሴኮንድ ለ30 ይካፈልና፥ የተገኘው ቁጥር ከምሥጢሩ ጋር ኤችማክ በተባለው ስሌት ተዋሕዶ 20 ባይት ያፈራል፤ የመጨረሻው ባይት እኩሌታ ከ20ዎቹ ውስጥ የትኞቹ 4 እንደሚነሡ ያመለክታል፤ ከእነዚያም ሰው የሚያነባቸው 6 አኃዞች ይወጣሉ። የ2005ቱ ደንብ ለመፈተኛ ባኖረው ምሥጢር መሠረት ቆጣሪው ዜሮ ሲሆን መልሱ 755224 ነው፤ የጻፈው ኮድ ይህን ቁጥር ያላወጣለት ፕሮግራመር ስሕተቱን ከራሱ ዘንድ ይፈልግ። ሰዓታችን ከንጋት መቆጠሩም፥ ዘመናችን ከሌላው መለየቱም በዚህ ስሌት ላይ አንዳች አያመጣም፤ ሴኮንዱ ለአዲስ አበባም ለቦስተንም አንድ ነውና።

ይህ ሁሉ በ20 ወይም በ30 መስመር የሚጻፍ ከሆነ ምርመራውን ለባዕድ ድርጅት ማስረከብ ለምን አስፈለገ? ስሌቱ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ክፍል ስለሆነ ነው። የሺህ ሰዎችን ምሥጢር ሳያስነኩ መጠበቅ፥ አንድ ጊዜ ያገለገለው ቁጥር ዳግመኛ እንዳያገለግል መመዝገብ፥ እየገመተ የሚሞክረውን ማገድ፥ ስልኩ የጠፋበትን ሰው መርምሮ ሌላ ማስመዝገብ፥ በየአገሩ ላለ ስልክ መልእክት ማድረስ፥ ይህ ሁሉ ሌሊትና ቀን የሚተጋ ሰው ይሻል፤ አንድ ወይም ሁለት ፕሮግራመር ያለው መሥሪያ ቤት ይህን ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ ይከፍላል፥ ላይብረሪውንም ይቀበላል፥ ከተቀበለም በኋላ ውስጡን የሚያነብ እምብዛም አይገኝም።

ለማንበብ ለሚሻ ሰው ግን ከዩቢኮ የተሻለ መነሻ አላውቅም፤ የጥያቄውና የመልሱ ሥርዓት በይፋ ተጽፏል፥ የላይብረሪዎቹም ኮድ ለሁሉ የተከፈተ ነው። በ2007 በስዊድን የተመሠረተው ይህ ድርጅት የሚሠራት ዩቢኪ ከኮምፒውተሩ ጋር ስትገናኝ ራሷን እንደ ኪቦርድ አድርጋ ታቀርባለች፤ ባለቤቷ ሲነካትም 44 ፊደል ትጽፋለች። የመጀመሪያዎቹ 12 የመሣሪያዋ መጠሪያ ናቸው፤ የቀሩት 32 ደግሞ የተመሠጠሩ 16 ባይቶች ሲሆኑ፥ በውስጣቸው የተሰወረ መታወቂያ፥ መሣሪያዋ ምን ያህል ጊዜ እንዳገለገለች የሚቆጥሩ ሁለት ቆጣሪዎች፥ የጊዜ ምልክትና ጥቂት የዘፈቀደ ቁጥር ይገኛሉ። የምትጽፋቸው ፊደላት ከላቲኑ የተመረጡ 16 ብቻ ናቸው፤ የተመረጡትም በአውሮፓ ልዩ ልዩ ኪቦርዶች ላይ ስፍራቸው ስለማይለዋወጥ ነው። የመረጡት ሰዎች ግን እኛን አላሰቡም፤ የአማርኛ መጻፊያ በተከፈተበት ኮምፒውተር ላይ ዩቢኪን የነካ ሰው በላቲኑ ፈንታ የግዕዝ ፊደል ተደርድሮ ያገኛል። ፒኤችፒ ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው የዩቢኮ ላይብረሪ ድቮራክ የተባለውን ያልተለመደ የኪቦርድ አቀማመጥ አውቆ ፊደሎቹን ወደ ቦታቸው እንደሚመልስ ሁሉ፥ ለአማርኛ ተጠቃሚዎች የሚሠራ ፕሮግራመርም ቢያንስ ከመላኩ በፊት ፊደሉን መርምሮ «መጻፊያውን ወደ እንግሊዝኛ ይለውጡ» የሚል ቃል ቢጨምር፥ ተጠቃሚው መሣሪያዬ ተበላሸ ብሎ ከመጨነቅ በዳነ ነበር።

ላይብረሪው ጥያቄውን የሚያዘጋጀው በጥንቃቄ ነው። የደንበኛውን ቁጥር፥ 44ቱን ፊደላትና ለዚያች ጥያቄ ብቻ የፈጠረውን፥ ከ16 እስከ 40 ፊደል የሚረዝም የዘፈቀደ ቃል በፊደል ተራ ያሰልፋል፤ በዚያ ላይ ከድርጅቱ ጋር በሚጋራው ምሥጢር የማረጋገጫ ማኅተም ያኖራል፤ ይልካልም። መልሱ የሚመጣው ሰርቨሩ ያንኑ 44 ፊደልና ያንኑ የዘፈቀደ ቃል መልሶ፥ በላዩም የራሱን ማኅተም አኑሮ ነው። የላይብረሪው ትጋት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ማኅተሙን ሳይመረምር «ተፈቅዷል» የሚለውን ቃል ብቻ አንብቦ የሚረካ ላይብረሪ፥ በመንገድ የቆመ ማንኛውም ሰው የጻፈውን ፈቃድ ተቀብሎ በሩን ይከፍታል፤ ማኅተሙን መርምሮ የዘፈቀደውን ቃል ሳያመሳክር የሚቀር ደግሞ ትናንት በእውነት የተሰጠን ፈቃድ ዛሬ እንደ አዲስ ይቀበላል። ሁለቱም ላይብረሪዎች ግን በሰላም ቀን እንከን የለሽ ሆነው ይታያሉ፤ ትክክለኛውን ሰው ያስገባሉ፥ የተሳሳተውንም ይከለክላሉ፤ ጉድለታቸውን የሚገልጠው ጠላት ብቻ ነው። የተለመደው ፍተሻ የማይደርስበት ጉድለት ይህ በመሆኑ፥ የላይብረሪ ጸሐፊ ሆን ብሎ የሐሰት ማኅተምና ያረጀ መልስ አዘጋጅቶ ኮዱን ካልፈተነ ሥራውን ጨረሰ ሊባል አይገባውም።

የመልሱ ዓይነት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ያስተምራል። ዩቢኮ የሚሰጠው መልስ ሁለት ብቻ አይደለም። «ተፈቅዷል» አንድ ነው፤ «ፊደሎቹ ልክ አይደሉም» እና «እነዚህ ፊደላት ከዚህ በፊት አገልግለዋል» የሚሉት የእምቢታ ወገን ናቸው፤ «ማኅተምህ ስሑት ነው» ወይም «እንደዚህ ያለ ደንበኛ የለም» የሚሉት ተጠቃሚውን ሳይሆን ፕሮግራመሩን የሚነቅፉ ናቸው፤ «ከውስጥ ችግር ደረሰብኝ» እና «ከባልንጀሮቼ በቂ መልስ አላገኘሁም» የሚሉት ግን እምቢታም ፈቃድም አይደሉም፥ አለማወቅን መናዘዝ ናቸው። ለብዙ ዘመን የድርጅቱ አገልግሎት በአምስት አድራሻዎች ይሰጥ ስለነበር፥ ላይብረሪዎቹ አምስቱንም በአንድ ጊዜ ይጠይቁ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ «ይህን ጥያቄ አስቀድሜ አይቼዋለሁ» የሚል ሌላ መልስ አስፈለገ፤ ይህም መልስ ሲመጣ ጎበዙ ላይብረሪ ሌሎቹን አድራሻዎች መጠበቁን ይቀጥላል፥ ቸኳዩ ግን እምቢታ መስሎት ባለመብቱን ከደጅ ይመልሳል። ይህን ሁሉ ልዩነት ጨፍልቆ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብሎ ለፕሮግራመሩ የሚያቀብል ላይብረሪ ምቾትን የሰጠ ይመስላል፤ ነገር ግን የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ መናገሩ ነው።

በአሜሪካ በሚሺጋን፥ በአን አርበር ከተማ፥ ዳግ ሶንግና ጆን ኦበርሃይዴ በ2010 የመሠረቱት ዱዎ ሌላውን መንገድ ያሳያል። ሲስኮ በ2018 በ2.35 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ይህ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር አያስጽፍም፤ በስልኩ ላይ ማሳወቂያ ይልክና ባለቤቱ «እቀበላለሁ» ወይም «አልቀበልም» ይላል። ዱዎን የሚጠራው ላይብረሪ ቀኑን፥ የጥያቄውን ዓይነት፥ የሰርቨሩን ስም፥ መንገዱንና በፊደል ተራ የተሰለፉትን ዝርዝሮች በየመስመሩ አኑሮ ያትመዋል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች በየፊናቸው ያንኑ ጽሑፍ እስከ ነጠብጣቡ ድረስ አንድ አድርገው ካልጻፉት ማኅተሙ አይስማማም። ቀኑ በእንግሊዝኛ የዕለትና የወር ስም መጻፍ ስላለበት፥ ቋንቋው አማርኛ በሆነ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ላይብረሪ የዕለቱን ስም ከኮምፒውተሩ ልማድ ቢወስድ «ሰኞ» ብሎ ይጽፋል፥ ሥራውም በዚያው ይከሽፋል። የተጠቃሚው ስም በግዕዝ ፊደል ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል በ3 ባይት ይቀመጣል፥ እያንዳንዱ ባይት በመንገድ ላይ በ3 ምልክት ይጻፋል፤ ስለዚህ «አበበ» የሚለው የሦስት ፊደል ስም 27 ምልክት ይሆናል፤ በእነዚያ ምልክቶች ውስጥ የሚገኙት የላቲን ፊደሎች በትልቁ መጻፍ አለባቸው፤ አንዱ ወገን በትንሹ ጽፎ ካተመ «ማኅተሙ ልክ አይደለም» የሚል አጭር መልስ ይመለሳል፤ ምስኪኑ ፕሮግራመርም ስሕተቱን ከምሥጢራዊው ቁልፍ ሲፈልግ ይውላል። በላቲን ስም ብቻ የተፈተነ ላይብረሪ ይህን ጉድለት ዓመታት ተሸክሞ ሳይታወቅበት ሊኖር ይችላል።

ከዚህ የከፋ ወጥመድ ግን በመልሱ ውስጥ አለ። የዱዎ መልስ ሁለት ድርብ ነው፤ የውጭው ክፍል ጥያቄው በደኅና መድረሱንና መስተናገዱን «እሺ» በሚል ቃል ያስታውቃል፤ የውስጡ ክፍል ደግሞ ፍርዱን፥ ማለት መፈቀዱን ወይም መከልከሉን ይናገራል። ባለቤቱ በስልኩ ላይ «አልቀበልም» ብሎ የከለከለው ጥያቄም እንኳ በውጭው ክፍል «እሺ» ተብሎ ይመለሳል፤ ጥያቄው ተስተናግዷልና። የውጭውን ብቻ አንብቦ በሩን የከፈተ ፕሮግራመር እንግዲህ የተከለከለውን ሰው በክብር አስገባው ማለት ነው። አገልግሎቱ ከዚህም በፊት ስለ ተጠቃሚው የሚጠየቅበት ሌላ በር አለው፤ በዚያም ይህ ሰው ምስክር ያቅርብ፥ ያለ ምስክር ይግባ፥ ይከልከል፥ ወይም ገና አልተመዘገበምና ይመዝገብ የሚሉ አራት መልሶች ይሰጣሉ። እነዚህን አራቱን በአራት ልዩ ስም ለይቶ የሚያቀብል፥ ፕሮግራመሩም አንዱን ቢዘነጋ ኮዱ እንዳይሠራ የሚያደርግ ላይብረሪ ከሁሉ ይበልጣል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከማኅተሙም አስቀድሞ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ማወቅ ይገባል። በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲና የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2012 «በዓለም እጅግ አደገኛው ኮድ» የሚል ርእስ በሰጡት ጥናት፥ ከብራውዘር ውጭ ያሉ ፕሮግራሞች የሰርቨርን ማንነት የሚያረጋግጠውን የምስክር ወረቀት እንዴት እንደሚመረምሩ ፈትሸው የብዙዎቹን ምርመራ ከንቱ ሆኖ አገኙት። ከምክንያቶቹ አንዱ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው፤ ኩርል በተባለው ላይብረሪ ውስጥ የሰርቨሩ ስም ከምስክር ወረቀቱ ጋር እንዲመሳከር የሚያዝዘው ምርጫ በእውነት የሚሠራው 2 የሚል ቁጥር ሲሰጠው ነበር፤ 1 ሲሰጠው በወረቀቱ ላይ ስም መኖሩን እንጂ የማን ስም መሆኑን አይመለከትም ነበር። በፒኤችፒ የሚጽፉ ትጉሃን «ይመርመር» ለማለት «እውነት» ብለው ሞሉት፤ ቋንቋው «እውነት»ን ወደ 1 ለወጠው፤ ምንም ባይነኩት ይሠራ የነበረው ምርመራ በትጋታቸው ምክንያት ቀረ። ጥፋቱን በፕሮግራመሮቹ ላይ የሚጭን ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ ለሰው ያቀረበውን እወቅሳለሁ። ዱዎ ፓይተን ለተባለው ቋንቋ ያወጣው ላይብረሪ የሚያምናቸውን የምስክር ወረቀት ሰጪዎች ዝርዝር ከራሱ ጋር ይዞ ይዞራል፤ በዚህም የኮምፒውተሩ ዝርዝር ቢበከል እንኳ አይታለልም፤ ዋጋው ደግሞ የያዘው ዝርዝር ሲያረጅ ላይብረሪውን ያላደሰ መሥሪያ ቤት አንድ ቀን በሩ ተዘግቶበት ማግኘቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። ሽማግሌ ወደ ጎረቤት ቤት ልኮ ስለ አንድ እንግዳ ማንነት ያስጠየቀው ልጅ «አናውቀውም አሉ» ብሎ ቢመለስና «ደጁን አንኳኳሁ፥ የከፈተልኝ ግን የለም» ብሎ ቢመለስ ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም፤ እንግዳውን ማሳደርም ሆነ ማሰናበት የሽማግሌው ፈንታ ነው፥ የልጁ ፈንታ ያየውን መናገር ነው። ብዙ ላይብረሪዎች ግን ይህን ፍርድ ከላኪው ነጥቀው ለራሳቸው ወስደዋል፤ ሰርቨሩ ሲዘጋባቸው ግማሾቹ «ተከልክሏል» ይላሉ፥ ግማሾቹ «ተፈቅዷል» ይላሉ፥ ይህም ምርጫ ማንም በማያነበው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ በአንድ ቃል ተጽፎ ይኖራል።

ዝምታን እንደ ፈቃድ መቁጠር የሚያስከፍለው ዋጋ በማርች 2022 የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ድርጅት ሲሳና ኤፍ ቢ አይ በጋራ ባወጡት ማስጠንቀቂያ ተገልጿል። እንደ ማስጠንቀቂያው ቃል፥ በሩሲያ መንግሥት የሚደገፉ ሰርጎ ገቦች ከሜይ 2021 ጀምሮ ወደ አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ኔትወርክ ገቡ። መግቢያቸው ለረጅም ጊዜ ያልሠራ፥ ከዱዎ ዝርዝር የተሰረዘ፥ ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ግን ያልተሰረዘ አንድ አካውንት ነበር፤ የይለፍ ቃሉን ገምተው አገኙት፥ ለእንቅልፋም አካውንት አዲስ መሣሪያ ማስመዝገብ የተፈቀደ ስለነበረም የራሳቸውን መሣሪያ አስመዘገቡ። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቅ ነው፤ በዊንዶውስ ሰርቨሩ ላይ የአድራሻ ስሞች የሚጻፉባትን ትንሿን ፋይል ለውጠው፥ የዱዎ ሰርቨር ስም ወደዚያው ወደ ራሱ ማሽን እንዲያመለክት አደረጉ። ጥያቄው ከቤት ሳይወጣ ቀረ፤ መልስም አልመጣም፤ ፕሮግራሙም ሰርቨሩ ካልተገኘ ተጠቃሚው ይግባ ተብሎ አስቀድሞ የተዘጋጀ በመሆኑ ሁሉንም አስገባ። የተሰበረ ምሥጢር የለም፥ የተፈታ ስሌት የለም፤ በአንዲት ፋይል ላይ አንድ መስመር ተጻፈ፥ ሁለተኛው ምስክርም ዲዳ ሆነ።

ዝምታን እንደ እምቢታ የመቁጠር ዋጋም ቀላል አይደለም። በኖቬምበር 19 ቀን 2018 የማይክሮሶፍት ሁለተኛ ማረጋገጫ ለ14 ሰዓት ያህል ተሰናክሎ በየአገሩ ያሉ ሠራተኞች ከኢሜይላቸውና ከሰነዳቸው ውጭ ቀሩ፤ ድርጅቱ በኋላ ካመነባቸው ሦስት ምክንያቶች አንዱ፥ የውስጡ ሰርቨር አዲስ ጥያቄ ማስተናገድ አቅቶት ሳለ መቆጣጠሪያው ደኅና መስሎ ያሳይ የነበረ መሆኑ ነው። ወደ አገራችንም ስንመጣ፥ ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ሰርቨሩን አዲስ አበባ አቁሞ ሁለተኛውን ምስክር ከአሜሪካ የሚያስጠራ መሥሪያ ቤት በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ይሆናል? ዝምታን እምቢታ ካለ ሠራተኛው ሁሉ ከአጠገቡ ካለው ማሽን ተቆልፎበት ይሰነብታል፤ ፈቃድ ካለ ደግሞ የከፈለበት ጥበቃ ለሳምንታት በስም ብቻ ይቀራል። በሰዓት የሚሠራውን ባለ 6 አኃዝ ቁጥር በራሱ ሰርቨር ላይ የሚመረምር መሥሪያ ቤት ግን መቋረጡን አያውቀውም፤ ስልኩና ሰርቨሩ የሚያስፈልጋቸው ትክክለኛ ሰዓት ብቻ ነውና።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፦ ላይብረሪ በዚህ ጉዳይ ላይ ነባሪ ምርጫ ሊኖረው አይገባም። ፕሮግራመሩ ሰርቨሩ ዝም ቢል ምን እንዲደረግ በግልጽ ካልጻፈ ኮዱ ሊነሣ አይገባውም፤ ዝምታውም ከእምቢታው በተለየ ስም ለጠሪው ይድረስ፥ በመዝገብም ይጻፍ፥ ዝምታው ሲደጋገም ደግሞ ሰው ይጠራ። ለሆስፒታል የሚበጀው ለባንክ አይበጅም፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ እንጂ በሩቅ ተቀምጦ ላይብረሪ የሚጽፈው ሰው አይደለም። ምቾት ይቀንሳል የሚሉ ይኖራሉ፤ እውነታቸውን ነው፥ ይቀንስ።

ጨርሶ ላይመለስ የሚሄድ አገልግሎትም አለ። ማይክሮሶፍት በ2012 ፎንፋክተር የተባለውን የሁለተኛ ማረጋገጫ ድርጅት ገዝቶ፥ ፕሮግራመሮች በየኮዳቸው የሚያስገቡትን ላይብረሪ በራሱ ስም ሲያቀርብ ቆየ፤ በኋላ ግን ለአዲስ ደንበኞች መስጠቱን አቁሞ፥ የቀሩትም እስከ ኖቬምበር 14 ቀን 2018 ድረስ ብቻ እንዲጠቀሙ፥ ከዚያ በኋላ የሚቀርብ ጥሪ ሁሉ እንደሚከሽፍ አስታወቀ። የላይብረሪውን ስም በየፋይሉ በትኖ የጻፈ ፕሮግራመር በዚያን ጊዜ ምን ያህል እንደደከመ መገመት አያዳግትም፤ አንዲት የራሱን ፋይል በመካከል አኑሮ በእርሷ በኩል ብቻ ይጠራ የነበረው ግን የለወጠው ያችኑ ፋይል ነው።

የመጨረሻው ምስክር ሰው በመሆኑ፥ ላይብረሪው ሰውንም ማሰብ አለበት። በኤስ ኤም ኤስ የሚላክ ቁጥር ደካማ መሆኑን የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 ባወጣው መመሪያ አጠቃቀሙን በመገደብ መስክሯል፤ በዚያው ዓመት በጀርመን የስልክ ኩባንያዎችን የሚያገናኘው ጥንታዊ ሥርዓት ተጥሶ የባንክ ደንበኞች ገንዘብ በዚህ መንገድ ተወስዷል። ማሳወቂያውም ከፈተና አላመለጠም፤ በሴፕቴምበር 2022 በታክሲ ጥሪ ድርጅቱ በኡበር ላይ ጥቃት የደረሰው፥ የአንድ ኮንትራት ሠራተኛ ስልክ በተደጋጋሚ ጥያቄ ተጨናንቆ ሠራተኛው በመጨረሻ አንዱን በመቀበሉ ነበር። ማይክሮሶፍት ከሜይ 2023 ጀምሮ በማሳያው ላይ የሚታየውን ቁጥር በስልኩ ላይ እንዲጽፉ ደንበኞቹን ሁሉ ማስገደዱ ለዚህ መድኃኒት ነው። ላይብረሪዎች በዚህ ጥፋት ውስጥ ያላቸው ድርሻ ግን ብዙም አይነሣም። ጥያቄ ሲዘገይባቸው ራሳቸው ደግመው የሚልኩ ብዙ ናቸው፤ መረጃ ለማንበብ ሲሆን ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ማሳወቂያ ለሚያስነሣ ጥሪ ግን እያንዳንዱ ድግግሞሽ በሰውየው ስልክ ላይ ሌላ ጥያቄ ይደውላል። አንድ ጊዜ ገብቶ ሦስት ጊዜ የሚጠየቅ ሰው ሳያነብ «እቀበላለሁ» ማለትን ይለምዳል፤ ሰርጎ ገቡም የሚጠብቀው ይህንኑ ልማድ ነው። ስለዚህ ማሳወቂያውን አንድ ጊዜ ልኮ የጉዳዩን ቁጥር ተቀብሎ፥ ከዚያ በኋላ «መልስ መጣ ወይ?» እያለ በዚያው ቁጥር ብቻ የሚጠይቅ ላይብረሪ ይመረጣል።

መርማሪ ድርጅቶቹ ራሳቸውም ይመረመራሉ። የማረጋገጫ መልእክት ለስልክ የሚያደርሰው ቱዊሊዮ በኦገስት 2022 ሠራተኞቹ በሐሰት መልእክት ተታልለው ሲጠቃ፥ 1,900 ያህል ሲግናል የተባለው የመልእክት መለዋወጫ ተጠቃሚዎች ስልክ ቁጥር ለአደጋ ተጋለጠ፤ በዚያው ሰሞን የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅቱ ክላውድፍሌርም በተመሳሳይ ወጥመድ ተፈትኖ ጥቂት ሠራተኞቹ የይለፍ ቃላቸውን ቢሰጡም፥ ሁሉም የሚገቡት በእጅ በሚያዝ ቁልፍ ስለነበር ጠላፊዎቹ አልገቡም። በ2024 ደግሞ የቱዊሊዮ ንብረት የሆነው የማረጋገጫ ቁጥር መተግበሪያ ኦቲ፥ ስልክ ቁጥር ተመዝግቦ እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ ማንነቱን ሳያጣራ የሚመልስ በር ትቶ በመገኘቱ፥ 33 ሚሊዮን ቁጥሮች ተለቅመው ወጡ።

ክላውድፍሌርን ያዳነው ቁልፍ የነገሩን አቅጣጫ ለውጧል። በማርች 4 ቀን 2019 የዓለም አቀፉ የድር ማኅበር ዌብኦተን የተባለውን ደንብ አጸደቀ፤ ዛሬ ፓስኪ የሚባለው በዚሁ ላይ የቆመ ነው። በዚህ ሥርዓት ስልኩ ወይም ቁልፉ የተሰወረውን ክፍል ለራሱ ይዞ ይፋውን ክፍል ለመሥሪያ ቤቱ ይሰጣል፤ በሚገባበት ጊዜም ሰርቨሩ የሰጠውን የዘፈቀደ ቃልና ሰውየው ያለበትን የድረ ገጽ አድራሻ አጣምሮ ይፈርማል፤ የሐሰት ገጽ አድራሻው የሐሰት ስለሆነ ፊርማው ለእውነተኛው አይሆንም። ላይብረሪውም ከመልእክተኛነት ወደ መርማሪነት ከፍ ይላል፤ የዘፈቀደውን ቃል፥ አድራሻውንና ፊርማውን በቤቱ ራሱ ይመረምራል፥ በሩቅ ያለ ሦስተኛ ወገን ስላልተጠራም የዚያ ወገን ዝምታ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል። ለአዲስ ሥራ አማክሩኝ የሚሉኝ ቢኖሩ ከዚህ እንዲጀምሩ እመክራለሁ።

ይሁንና ቁልፉ የጠፋበት፥ ስልኩ የተሰረቀበት፥ ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ተሻግሮ መሣሪያውን የለወጠ ሰው በሌላ መንገድ መመለስ አለበት። አስቀድሞ በወረቀት የታተሙ የመመለሻ ቁጥሮችን ወይም ሁለተኛ ቁልፍን ያዘጋጀ መሥሪያ ቤት ይህንንም በቤቱ ይጨርሰዋል፤ ያላዘጋጀው ግን ወደ ኤስ ኤም ኤስ ይመለሳል፥ ኤስ ኤም ኤሱንም የሚልክለት ያው በሩቅ ያለው አገልግሎት፥ የሚጠራለትም ያው ላይብረሪ ነው፤ በዚያም ኮድ ውስጥ ሰርቨሩ ያልመለሰ እንደሆነ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው መስመር ዛሬም አንባቢውን ይጠብቃል።